ኬላው ላይ የቆሙት ምሰሶዎች

ሁለቱ ምሰሶዎች በጭነት መኪና ደብረ ማርቆስ የገቡት ክረምቱ ሲገባ ነበር። ቁመታቸው ከሰው የሚበልጥ፣ ቢጫ ቀለም የተቀቡ፣ ውስጣቸው ምን እንዳለ ከውጭ የማይታወቅ የብረት ሣጥኖች ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ላይ ኬላ አለ፤ እዚያ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ፊት ለፊት ተተከሉ። መኪና ሁሉ በመካከላቸው ማለፍ ግድ ሆነበት።

ያየ ሁሉ የየራሱን ይል ነበር። አንዱ የጭነት ሚዛን ነው ይላል፣ ሌላው ፍጥነት የሚይዝ ካሜራ ነው ይላል። የባጃጅ ሾፌሮች ደግሞ መንጃ ፈቃድ የሌለውን ለይቶ የሚያጋልጥ ማሽን ነው ብለው ስለደመደሙ፣ አንዳንዶቹ ለሰሞኑ በዚያ በኩል ማለፉን ትተውት ነበር።

እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ስለ ጨረር የሚያወራውን ትምህርት ለዓመታት የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በእጄ የነበረው ግን ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ ነው። አቶም ሲፈርስ የሚወጣውን በቀስት እስላለሁ፣ ጉልበቱ በስንት ጊዜ በግማሽ እንደሚቀንስ አሰላለሁ፣ ፈተና አወጣለሁ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ "ቲቸር፣ አንቺ ራስሽ ገጥሞሽ ያውቃል?" አለችኝ። "አይታይም እኮ!" ብዬ ክፍሉን አሳቅሁት። መልሱ ስህተት አልነበረውም፤ እኔን ግን ደስ አላለኝም። ለዓመታት ስለማላውቀው ሰው ሳወራ የኖርኩ መሰለኝ።

ስለዚህ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ጠርቶኝ፣ "ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ለድንበር የሚሆን መሣሪያ ሊሞክሩ ነው፤ ስለ ጨረር የሚያውቅ ረዳት ይፈልጋሉ። ሁሉም ለክረምቱ ወደየቤተሰቡ ሊሄድ ነው። አንቺ ትችያለሽ?" ሲለኝ፣ ሳይጨርስ ነው እሺ ያልኩት።

ሙከራውን የሚመሩት ሸምገል ያሉ ኢንጂነር ነበሩ። ብርድ አይችሉም፤ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው፣ በዚያ ላይ ጋቢ ጣል አድርገው፣ የዝንጅብል ሻይ የሞላ ፔርሙስ በብብታቸው ይዘው ነው የሚውሉት። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። መጀመሪያ ቀን ኬላው ጥግ ካለች የቆርቆሮ ቤት በር ላይ ቆመን ነገሩን አስረዱኝ።

"ማሽኑ የሚሄደው ወደ ድንበር ነው፣ መተማ በኩል" አሉ። "ግን እዚያ ወስደን ከመትከላችን በፊት ጠባዩን እንወቀው። ከዚያ የሚመጣው ከባድ መኪና ብዙው በዚህ ነው የሚያልፈው። ብርዱም፣ ዝናቡም፣ ከፍታውም እዚህ አለ። እዚህ ከፈተነው እዚያ አያሳፍረንም።"

"የሚፈልገው ምን ዓይነት ዕቃ ነው?"

"ሆስፒታልና ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራባቸው ጨረር ያላቸው ዕቃዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከጣት ጫፍ አይበልጡም። ይሰረቃሉ፣ ወይም ሰው ረስቶ ይጥላቸዋል። ከዚያ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተደባልቀው፣ አለዚያም ሆን ተብሎ ተደብቀው ድንበር ይሻገራሉ። አይሸቱ፣ አይታዩ። አንድ ሰው ብረት ነው ብሎ ኪሱ ውስጥ ይከታቸዋል፤ ሲታመም እንኳ ከምን እንደመጣበት አያውቅም።"

ከዚያ በእጅ የሚያዘውን ትንሹን መለኪያ አወጡና አቀበሉኝ። ቁልፉን ስጫነው፣ ጠቅ አለ። ትንሽ ቆየና ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ዘወር ብዬ ባይ ምንም የለም።

"ይሄ ምንድን ነው የሚቆጥረው?" አልኳቸው።

"መሬቱን ነዋ! ድንጋዩን፣ ሰማዩን። ይኸ ሁልጊዜም ያለ ነው፤ ስንወለድም ነበረ።"

እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ስለዚህ ነገር ከመቶ ተማሪ በላይ አስተምሬያለሁ፤ ሰምቼው ግን አላውቅም ነበር። የቆምኩበት መሬት፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ያለው ድንጋይ፣ ጠቅ ጠቅ እያለ ያወራኛል። ኢንጂነሩ ሻያቸውን እየጠጡ ጠበቁኝ። ማስቸኮል አልፈለጉም፤ ለዚያ እስካሁን አመሰግናቸዋለሁ።

ኬላው ላይ ሴት መንገደኞችን የምትፈትሽ ሴት ነበረች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትርቅም። ሳቂታ ናት፤ ግን ሥራዋ ላይ ለማንም ፊት አትሰጥም። ልባሽ ጨርቅና ሲጋራ ነው በብዛት የምትይዘው። ምሰሶዎቹን መጀመሪያ በክፉ ዓይን ነበር ያየቻቸው።

"ቲቸር፣ እውነቱን ንገሪኝ" አለችኝ አንድ ጠዋት። "ይሄ ነገር እኔን ሊተካ ነው?"

"ልባሽ ጨርቅ አይለይም" አልኳት።

"ሲጋራስ?"

"ሲጋራም አይለይም።"

"እንግዲያው ምኑን ተማረ!" አለችና ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደደችው። እንዲያውም በሙከራው ከሁላችን የበለጠ የምትደሰተው እሷ ሆነች። ኢንጂነሩ በእርሳስ ሣጥን ውስጥ የታሸገች፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ የመፈተኛ ጨረር ነበረቻቸው። ሣጥኗን ራሳቸው ይይዛሉ፤ የት እንደምትደበቅ የምትመርጠው ግን ፈታሿ ናት። ፈቃደኛ ሾፌር ሲገኝ ጤፍ በጫነ መኪና ላይ፣ ከጆንያዎቹ መሃል እናስቀምጣለን፤ መኪናው በምሰሶዎቹ መካከል ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ማሽኑ ይጮኻል። ተሳቢ መኪና ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ የውሃ ቦቴ ሥር ሞከርን። አንድ ቀን ግን "እስቲ እዚህ ያግኛት!" ብላ ቁርጥራጭ ብረት የጫነ አይሱዙ መረጠች። ከተቆለለው አሮጌ ብረት ሥር ቀበርናት። አይሱዙው አለፈ፤ ማሽኑ ጭጭ። ደግመን አሳለፍነው፤ ዝም።

ፈታሿ እያጨበጨበች ሳቀች። ኢንጂነሩ ግን ኮስተር አሉ። "ሊይዘው የተላከው ዋናው ነገር እኮ ይሄ ነው" አሉ። ብዙ ብረት ጨረሩን ሸፍኖበታል። ያን ሰሞን ሳይሰለቹ የማሽኑን ቁጥሮች ሲያስተካክሉ ከረሙ፤ እኔም አብሬያቸው ሳሰላ። መኪናው ይበልጥ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ መንገዱ ላይ ጉብታ አሠሩ፤ አይሱዙው እንደገና ሲያልፍ ማሽኑ ጮኸ። ሾፌሩ ራሱ ከጋቢናው ወርዶ ጨበጠን።

ከዚያ ደግሞ ዝናብ መጣ። ከጮቄ በኩል ደመናው እየጠቆረ ይመጣና ድንገት ይወርዳል። ዝናቡ ገና ሲጀምር ማሽኑ፣ አንድም መኪና በሌለበት፣ መጮህ ይጀምራል። የኬላው ፖሊስ ከተጠለለበት ይወጣና ባዶውን መንገድ አይቶ ይመለሳል። ይሄ ሲደጋገም ኢንጂነሩ ውሃ የገባበት ሽቦ ያለ መሰላቸው፤ ዝናብ ላይ ቆመው ሳጥኑን ሲፈቱ ሲገጥሙ ዋሉ። እኔ የቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ሆኜ ማሽኑ ኮምፒውተሩ ላይ የሚስለውን መስመር ሳይ፣ ዝናቡ ሲጀምር ሽቅብ ይወጣና ካባራ በኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል። አወራረዱን አውቀዋለሁ። ጨረር በግማሽ በግማሽ ሲቀንስ ለማሳየት በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምስለው መስመር ነው።

እየሮጥኩ ወጣሁ። "ኢንጂነር! ሽቦ አይደለም! ዝናቡ አየር ላይ ያለውን የተፈጥሮ ጨረር አጥቦ አስፋልቱ ላይ እያወረደው ነው!"

ጭንቅላታቸውን ከሳጥኑ አውጥተው አዩኝ። ውሃው ከግንባራቸው ይወርዳል። ከዚያ፣ እኚያ ብርድ የማይችሉ ሰው፣ ዝናቡ ውስጥ ቆመው ከት ብለው ሳቁ። "አንብቤው ነበር እኮ! አንብቤው ነበር! አዲስ አበባ ግን ማሽኑን ቤት ውስጥ ነው የፈተንነው!" አሉ። ሁለታችንም እንደበሰበስን ገብተን ያችን ዝንጅብል ሻይ ተካፈልን። ማሽኑ ከዚያ ወዲህ ዝናብና መኪና እንዲለይ ተደረገ።

ሴራሚክ የጫነ መኪናም ይጮኽበት ነበር። አንዱ ሾፌር ምክንያቱን ሲሰማ ደነገጠ። "እኔ እኮ ሳሎኔን ሙሉ ያነጠፍኩት በሴራሚክ ነው! ልንቀለው?" አለ። ሸክላና ድንጋይ በተፈጥሮው ጥቂት እንዳለው፣ እንደማይጎዳው አስረድተነው፣ ግማሽ ልቡ እያመነን ሄደ።

እንዲህ እያልን ሐምሌን አጋመስን። ያንን ከሰዓት የማልረሳው ግን በአውቶቡሱ ምክንያት ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ በምሰሶዎቹ መካከል ሲያልፍ ማሽኑ ጮኸ። እስከዚያ ቀን ከሰማነው ሁሉ የከረረ ጩኸት ነበር፤ ቀዩ መብራትም አብሮ ይሽከረከራል። ኢንጂነሩ ኮምፒውተሩን አይተው፣ "ጭነቱ አይደለም" አሉ። "መሃል ላይ ነው። ወንበር ላይ።"

ፖሊሱ ሁሉም ሰው እንዲወርድ አዘዘ። ምን እንደሆነ ያልገባው መንገደኛ በሩ ላይ ተጋፋ። አንዱ ከኋላ፣ "ፈንጂ ነው!" ሲል ግፊያው ባሰ። መጀመሪያ የወረደች አንዲት ወጣት ሴት ወደ ኋላ ዞራ፣ "ልጄን! ልጄን ስጡኝ!" እያለች ታለቅሳለች። በመጨረሻ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ሕፃኑን በሻርፓቸው ሸፍነው፣ አንድ አንድ ደረጃ እየረገጡ፣ ሳይጣደፉ ወረዱ።

"ይኸው ልጅሽ። አትጩኺ፣ ተኝቶልሻል" አሏት።

ፈታሿ ስታያቸው፣ "እንዴ! እትዬ! እርስዎ ነዎት?" አለች።

እትዬን ደብረ ማርቆስ ገበያ የማያውቃቸው ሰው ጥቂት ነው። አንሶላና ብርድ ልብስ ይሸጣሉ፤ እናታቸውም እዚያው ይነግዱ ነበር። ከአዲስ አበባ ዕቃ ይዘው በመጡ ቁጥር ፈታሿ ጥቅላቸውን አንድ ባንድ እየፈታች ደረሰኝ ትጠይቃቸዋለች፤ እሳቸውም በመጡ ቁጥር፣ "ፍቺው፣ ፍቺው፣ ያንቺ እጅ ያልነካው አንሶላ ገዢ አያገኝም" ይሏታል። ጥፋት አግኝታባቸው አታውቅም። መፈተሹንም ትታላቸው አታውቅም።

ትንሹን መለኪያ ይዤ በተሰለፉት ሰዎች ፊት ቀስ እያልኩ አለፍኩ። ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፣ እንደ ወትሮው። እትዬ ዘንድ ስደርስ ድምፁ ተያያዘ። ፖሊሱ መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ። ከሰዉ መሃል አንድ ሰው፣ "ነጋዴ ናት! ዕቃዋ ይፈተሽ!" ብሎ ጮኸ። መለኪያውን ወደ ጥቅሎቻቸው ሳወርደው ድምፁ ቀዘቀዘ። ወደ ላይ ሳነሳው፣ አንገታቸው ጋ ስደርስ፣ ተንጫረረ።

ያኔ ገባኝ። ጠጋ ብዬ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጌ፣ "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰሞኑን ሕክምና ላይ ነበሩ?" አልኳቸው።

ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩኝ። "በምን አወቅሽ?"

ወደ አንገታቸው በዓይኔ አመለከትኩ። ሻርፓቸውን ጠቅልለው አንገታቸውን ሸፈኑት። "ሰው ፊት አይሆንም" አሉ።

ከቆርቆሮ ቤቷ ጀርባ ወሰድኳቸው። ኢንጂነሩና ፈታሿም መጡ። እትዬ ግድግዳው ላይ ተደግፈው ነገሩን። ከዓመት በላይ ልባቸው እየደለቀ፣ ሥጋቸው እያለቀ፣ አንሶላ ሲለኩ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ኖረዋል። አንገታቸው ላይ ያለው እንቅርት ነው ተብሎ አዲስ አበባ ሄዱ፤ አንድ ፍሬ መድኃኒት ዋጡ፤ በቃዎት ተብለው ተመለሱ።

"ሰጪው ራሱ ከሩቅ ቆሞ ነው 'ይዋጡት' ያለኝ" አሉ። "እሱ ሊነካው የፈራውን እኔ እንዴት እውጠዋለሁ ብዬ ነበር። ቢስሚላህ ብዬ ዋጥኩት።"

"ምን ይጠንቀቁ አሉዎት?" አሏቸው ኢንጂነሩ።

"ለልጄ ነው የነገሩት። ወንዱ ልጄ አዲስ አበባ ነው ያለው። እሱ ደግሞ፣ 'እማዬ፣ ውሃ በደንብ ጠጪ፣ ለብቻሽ ተኚ፣ ለጊዜው ሕፃን እንዳታዝዪ' አለኝ። እኔ ለወገቤ ያሰበልኝ መስሎኝ! ይኸው አላዘልኩም እኮ፤ ታቅፌው ነው የመጣሁት።"

የዋጡት መድኃኒት ጨረር ያለው መሆኑን፣ አንገታቸው ውስጥ ገብቶ እንቅርቱን የሚያከስመው እሱ መሆኑን፣ እስኪደክም ድረስ ግን ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን መጠጋት እንደሌለባቸው ነገርኳቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

"ያ ረቢ! የሰው ልጅ ጎዳሁ?"

ኢንጂነሩ መለኪያውን ከእጄ ወስደው ሄዱ። ከእናትየው አስፈቅደው ሕፃኑን ከራሱ እስከ እግሩ ለኩት። የሚሰማው የመሬቱ ጠቅ ጠቅ ብቻ ነበር። ተመልሰው፣ "ምንም አልተላለፈበትም" አሉ። "ለአንድ መንገድ ታቅፈውት ስለመጡ አይጎዳም። በየቀኑ ሲሆን ነው የማይበጀው። ይረጋጉ።" እትዬ በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እንባቸው ሳይደርቅ፣ "እናቲቱ ትወቅ" አሉ። "ሌላው ሰው ምን ቸገረው፤ እሷ ግን ልጇ ነው።"

ወጣቷን ጠራናት። እትዬ ራቅ ብለው ቆመው ራሳቸው ነገሯት፤ እኔ የጎደለውን ሞላሁ። ልጅቷ ሕፃኑን እቅፍ አድርጋ አዳመጠች። ቁጣ እየጠበቅሁ ነበር። "በእርግጥ ምንም አልሆነም?" ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ኢንጂነሩ ደግመው ለክተው አሳዩዋት። ከዚያ ወደ እትዬ ዞረች። "እርስዎ ባይይዙልኝ ኖሮ እኮ ዓባይ በረሃ ላይ ሳስመልስ ልጄን ጥዬው ነበር" አለች። እትዬም አለቀሱ፣ እሷም አለቀሰች።

የቀረው ሰዉ ነበር። አስፋልቱ ላይ ቆሞ እየጠበቀን ነው፤ ያ "ዕቃዋ ይፈተሽ" ያለው ሰው አሁንም ያጉረመርማል። የእትዬን ሕመም ለአውቶቡስ ሙሉ ሰው መንገር የማይሆን ነው፤ ዝም ብንል ደግሞ ነገ ገበያው ውስጥ ምን እንደሚወራ እናውቃለን። ፈታሿ ማንንም ሳታማክር ወጣች።

"ጎበዝ፣ ግቡ፣ ጉዞ ቀጥሉ! የታመመው ማሽኑ ነው!" አለች በዚያ ሥራ በለመደ ድምፅዋ። "የእትዬን ዕቃ እኔ ነኝ የምፈትሸው፤ ከስንት ጊዜ ጀምሮ! እሳቸው ላይ ክር የሚያህል ነገር ከተገኘ እኔን እሰሩኝ!"

ሁሉም ወደ ኢንጂነሩ ዞረ። ማሽናቸው በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አሳምሮ ሠርቶ አያውቅም፤ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ዋጥ አደረጉትና፣ "አዎ... ገና ሙከራ ላይ ነው" አሉ። "ታዲያ ለዚህ ነው ያወረዳችሁን!" ብሎ አንዱ ሲያላግጥ ሰዉ ሳቀ፤ እየተሳሳቀም አውቶቡሱ ውስጥ ገባ።

እትዬን በኢንጂነሩ መኪና፣ የኋላው ወንበር ላይ ብቻቸውን አስቀምጠን ወሰድናቸው። ቤታቸው ከገበያው ጀርባ ነው። በሩ ሲከፈት መራመድ የጀመረች የልጅ ልጃቸው እየተውተረተረች ወደ እሳቸው መጣች። እትዬ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ወደ ኋላ ሸሹ። "ያዟት! ያዟት!" አሉ። ሴት ልጃቸው ደንግጣ አፈፍ አደረገቻት። ሕፃኗ እንዲህ ያለ ነገር ከአያቷ አይታ ስለማታውቅ ምርር ብላ አለቀሰች። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ለሴት ልጃቸው ነገሩን ሁሉ ከሥሩ አስረዳኋት፤ አዲስ አበባ ላለው ወንድሟ ደወለች፣ እሱም ከሐኪሙ የሰማውን በሙሉ ደገመላት። ጓሮ ያለችው የዕቃ ክፍል ተጠርጋ የእትዬ ፍራሽ ገባባት።

ከዚያ ወዲህ ከኬላው ስመለስ በእትዬ ቤት በኩል ማለፍ ልማዴ ሆነ። ግቢው ውስጥ፣ እሳቸው ከአንድ ጥግ እኔ ከሌላው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠን እናወራለን። ኢንጂነሩ አንዳንዴ ትንሹን መለኪያ ይዘው አብረውኝ ይመጣሉ። እትዬ ገና ሲያዩት፣ "እስቲ አስጩኹልኝ" ይላሉ። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው የምንለካው። መጀመሪያ ሰሞን የተያያዘ ጩኸት ነበር። ቆይቶ ይቆራረጥ ጀመር። "ዛሬማ ደከመው" ይላሉ እትዬ። "የኔም ልብ መደለቁን እየተወ ነው። አብረው ሊተኙ ነው መሰለኝ።" ሕፃኗ በእናቷ ጀርባ ሆና ከሩቅ ታያቸዋለች፤ እሳቸውም ከሩቅ በጣታቸው ያጫውቷታል።

ሐኪሙ የወሰነላቸው ጊዜ አለቀ፤ በስልክም "አሁን ይችላሉ" ተባሉ። እትዬ ግን አላመኑም። "ማሽኑ ይንገረኝ" አሉ። ኢንጂነሩ ጠጋ ብለው ለኩ። ጠቅ ጠቁ አሁንም ከመሬቱ ትንሽ ፈጠን ይላል፤ እሳቸውም አልሸሸጉም። "ፈጽሞ አልጠፋም" አሉ። "ይህ ማሽን ጆሮው ስለታም ነው፤ ገና ብዙ ጊዜ ይሰማዋል። ሰውን የሚጎዳበት መጠን ግን ካለፈ ቆይቷል። እኔ ብሆን የልጅ ልጄን አነሳ ነበር።"

እትዬ ብድግ አሉ። ሕፃኗ ግን አንዴ ስለተሸሸች አሁን የምትሸሸው እሷ ሆነች፤ የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። እትዬ መሬት ላይ ቁጭ አሉና ከሱቅ ያመጡትን የአንሶላ ብጣሽ በራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ "እትዬ የታለች?" ይሉ ጀመር። ሕፃኗ ትንሽ አመነታች። ሄዳ ጨርቁን ሳበችው። እትዬ ሲያቅፏት ኢንጂነሩ መለኪያውን አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱት፤ ፊታቸውንም ወደ አጥሩ አዞሩ።

ሙከራው ሊያበቃ ሲል፣ ኢንጂነሩ ድንበር ላይ ለሚሠሩ ጠባቂዎች የሚሆን አጭር መመሪያ በአማርኛ አብረን እንድንጽፍ ጠየቁኝ። ማሽኑ በሰው ላይ ሲጮኽ ምን ይባላል? "ጨረር አለብዎት" የሚለውን ፈታሿ ገና ስትሰማው ጮኸች። "እንዲህ የሚለኝ ካለ እኔ ጠበል ነው የምሄደው!" አለች። እውነቷን ነው፤ ክፉ መንፈስ ያለበት ሰው ያስመስላል። ስንሰርዝ ስንጽፍ ቆይተን፣ "በቅርቡ ሕክምና ወስደው ነበር?" በሚለው ተስማማን። ጥያቄው ለብቻ፣ በዝግታ፣ ሴቷን ሴት፣ ወንዱን ወንድ እንዲጠይቅ ጨመርንበት። ፖሊሱም ሐሳብ ነበረው፤ "መሣሪያ ከትከሻ አይወርድም የሚል ይግባበት" አለ፣ ወደ መሬት እያየ። ገባ።

ምሰሶዎቹ መስከረም ሳይጠባ ተነቅለው ተጫኑ። ኢንጂነሩ ሲሰናበቱኝ አንዱን ሹራባቸውን አውልቀው ሊሰጡኝ ፈልገው ነበር፤ መንገዱ ይበርድዎታል ብዬ መለስኩላቸው። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ስለ ጨረር ማስተማር የጀመርኩት በእትዬ ግቢ ያየሁትን በመተረክ ነው፤ ስማቸውን አልጠራሁም።

በዚያ ዓመት ኢድ እትዬ ፈታሿንና እኔን ለምሳ ጠሩን። ለእኛ ተብሎ ክርስቲያን ጎረቤታቸው በጉን ባርኮ አርዶ፣ በእነሱ ድስት፣ በእነሱ ቤት ተሠርቶ መጣልን። እትዬ ፊታቸው ሞልቶ፣ ክንዳቸው ወፍሮ ነበር። ፈታሿ፣ "እትዬ፣ እንዲህ ከወፈሩማ ከእንግዲህ ውስጥዎ ምን እንደደበቁ መፈተሽ አለብኝ" ስትላቸው፣ "አንቺ ሴት፣ በዓል አክብሪ!" ብለው ተጨማሪ ሥጋ ሳህኗ ላይ ከመሩባት።

እየበላን ስልኬ ጠራ። ኢንጂነሩ ናቸው፣ ከመተማ። ሙቀቱ እንደገደላቸው ነገሩኝና፣ "ትናንት አንድ ሾፌር ላይ ጮኸ" አሉ። "ጠባቂው ልጅ ለብቻው ወስዶ ጠየቀው፤ ሰውየውም የሕክምና ወረቀቱን አሳየ። ማንም ሳያየው ሄደ።" የሰማሁትን ለእትዬ ነገርኳቸው። ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

"ኢንጂነር፣ ኢድ ሙባረክ! ሙቀት ነው ይላሉ? ታዲያ ያንን ሁሉ ሹራብ ያውልቁት!" አሉ። ፈታሿ ሳቅ አንቋት ውሃ ለመነች፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ስልኩን ለመንጠቅ በእትዬ ትከሻ ላይ ትወጣ ነበር።